ከአንድ መቁጠር

ታርቱ ላይ በኅዳር፣ ገና በዘጠኝ ተኩል፣
ፀሐይ ሱቋን ዘግታ ሄደች፣ ደኅና ዋሉ እንኳን ሳትል።
እኔም ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ የድንች ልጣጭ ገፋ አድርጌ፣
አዲስ ቋንቋ ልማር ተቀመጥኩ፣ በአርባ ስድስት ዓመቴ፣ መነጽሬን ጠርጌ።

የሚናገረው ሕዝብ የለውም፤ አገር የለው፣ ተረት የለው፣
ቢሰድቡት አይቀየም፣ ቢያቆላምጡት አይገባው፤
አንዲት ቅንፍ ከረሳሁ ግን ስምንት መስመር ቀይ ቁጣ፣
እንደ አማት፣ ከሠርጌ ቀን ጥፋት ጀምሮ ዘርዝሮ የሚያመጣ።

ደብተሩን መትከል ብቻ ሦስት ማታ ፈጀብኝ።
በመጀመሪያው ማታ ማሽኑ «መንገዱን አላውቀውም» አለኝ።
በሁለተኛው ቋንቋው ገብቷል፣ ደብተሩ ግን አያየውም፤
በአንድ ጣሪያ ሥር ያደሩ የተኳረፉ ወንድማማቾች፣ አንዱ ሌላውን አይጠራውም።
በሦስተኛው ሲራክ ደወለ ከማልሞ፣ ከፈረቃ ወጥቶ፣
«ከርነሉን አስመዝግበሽዋል?» አለ፣ አፉን ዳቦ ሞልቶ።
አላስመዘገብኩም።
አስመዘገብኩ።
አንድ ሲደመር አንድ ጻፍኩ፤
ከጎኑ ኮከብ በራች፣
ትንሽ አሰበችና ሁለት ሆና ወጣች።
ሁለት! ብዬ ጮህኩ፣ ብቻዬን በባዶ ቤት፣
ሁለት መሆኑን ያን ማታ የሰማሁ ይመስል ካፏ እንደወጣች ድንገት።

የበፊቱ ቋንቋዬ ከአልቦ ነበር ቆጠራው፣
ከሰልፉ ፊት የቆመውን «ዜሮኛ» ብሎ ነው የሚጠራው።
ይሄ ግን ከአንድ ይነሣል፣ አልቦን እንደማያውቀው
እንደ ግዕዙ ቁጥር፣ እንደ ፩፤
እጄ ነው እንጂ ያስቸገረኝ፣
ዐሥር ዓመት የለመደው።

ይህ ሁሉ ለሄይኖ ነው። ከኔ በታች ነው ቤቱ፤
አርባ አንድ ጸደይ ቆሟል ድልድዩ ላይ፣ ኤማዮጊ ወንዝ ፊት ለፊቱ።
በረዶው የተሰበረበትን ቀን፣ ሰዓቱን፣ ነፋሱ የመጣበትን፣
በእርሳስ ጽፏል ዐሥራ አንድ ደብተር፣ ሻይ ያረፈበትን።
ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አልከፈለውም፤
«ወንዙ ይሰበራል፤ አንድ ሰው ቢያየው አይከፋም» ይላል፣ ሌላ አይጨምርም።

ከደብተር ወደ ደብተር ስቀዳ፣ ከወረቀት ወደ መስኮት፣
ኤፕሪል ሦስት፣ ኤፕሪል አንድ፣ ማርች ሃያ ስምንት፣
አንዱ ዓመት ላይ መስመሩ ባዶ። የእርሳስ ነጥብ ብቻ አለ።
ወርጄ፣ በተሰባበረ ኢስቶኒያኛዬ ጠየቅኩት።
ሄይኖ ጃኬቱን ቆለፈ። «ያኔ አላየሁም» አለ።

ምን ልጻፍ? ዜሮ ውሸት ነው፤ ወንዙማ ተሰብሯል፣ ውኃውም ሄዷል፤
ብተወው ደግሞ ተከታዩ ዓመት ቦታውን ይቀማል።
መመሪያውን ሳገላብጥ ለካስ ቋንቋው ቃል አለው፤
«ጎደለ» የሚል። ቁጥር አይደለም፣ አልቦም አይደለም፤
መጉደሉን የሚያውቅ ጎደሎ ነው።
ጻፍኩት። አማካዩን አስላ አልኩት። ኮከቧ በራች፦ ጎደለ።
ድምሩንስ? ጎደለ።
ከአርባ አንዱ አንዱ ባለመኖሩ
አርባውም አንገት ደፉ፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ዝም አሉ።

«ዝለለው ብለሽ እዘዢው፣ አንዲት ቃል ናት» አለኝ ሲራክ።
አውቃለሁ።
ግን አስቀድሜ በግምት «ኤፕሪል ዘጠኝ» ብዬ ነበር፤ አፍሬ ሰረዝኩት፤
ሥዕሉ ላይ ነጥቡ አለ!
ይህ ደብተር የተሰረዘውንም ያስታውሳል፣ ከርነሉ እስካልሞተ።
ገደልኩት። ከላይ እስከ ታች እንደገና አስኬድኩት።
መስመሩ መጣ፣ እየወረደ፣ እየወጣ፣
አንድ ቦታ ላይ ተቋርጦ።
አትሜ ወሰድኩለት።
ሄይኖ ጣቱን ክፍተቱ ላይ አሳረፈ፤ ብዙ ቆየ፤
«ልክ ነው» አለ።

በማርች ማለቂያ፣ ሳይነጋ፣ በሬ ተንኳኳ።
«ነይ፤ ሁለት ሰው ቢያየው አይከፋም።»
ድምፁን ቀድመን ሰማነው፣ ጣቃ ሲቀደድ እንደሚሰማው።

ተመልሼ፣ ጣቴ ገና ደንዝዞ፣ አርባ ሁለተኛውን መስመር ጻፍኩ።
ቅንፉን ረሳሁ።
ስምንት መስመር ቀይ።